የፈረንጅ ጌሾና የማርቲ ሽማግሌዎች

ሰበታ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽም ለምፈራሽም ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ጠንቷል ሲሉ ስሰማ አንቺን ነው ያሰብኩት። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አካፍለሽ ጨረስሽው? እኔ ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። ማርቲም ደህና ናት። ቤቱም እንዳለ አለ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ስለ እኛ አካባቢ በሬዲዮና በሰው አፍ የምትሰሚው ሁሉ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ ስለማውቅ ነው። ስልክሽን በሞከርኩ ቁጥር ያቺ ድምፀ መልካም ሴትዮ አትገኝም ትለኛለች። እሷን መስማት ስለሰለቸኝ ይህን ደብዳቤ በከድሩ እጅ ልኬልሻለሁ። ከድሩ ወደ እናንተ ሽንኩርት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ ሳታጠጪ እንዳትሸኚው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ማርቲ ታጨች። አዎ፣ ለዚያው ልጅ፣ ለኦዳ። ቡራዩ የሚያስተምረው፣ የሱሉልታው ገበሬ የኦቦ ቀጄላ ልጅ፤ አምና ስትመጪ ዣንጥላ ይዞልሽ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሸኘሽ። እንዴት እንደታጨች ግን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል፤ ዳኜ በራሱ መንገድ እያወራው ነውና።

ዳኜን መቼም ታውቂዋለሽ። የሟቹ ባለቤቴ ወንድም እንደመሆኑ ለማርቲ በአባት ቦታ የሚቆመው እሱ ነው፤ መቆም ደግሞ ይወዳል። ከኅዳር ጀምሮ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ገበሬውን ከመሬቱ ሊነቅል ነው ተብሎ ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ወታደር መጣ። በዚያ ግርግር የዳኜ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ መስታወት በድንጋይ ተሰበረ። ኦዳ ደግሞ ከሌሎች መምህራን ጋር ታስሮ ፀጉሩን ተላጭቶ ወጣ። ዳኜ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ሰፋቸው። መስታወትህ የተሰበረ ቀን ልጁ እስር ቤት ነበር ብዬ ብነግረው፣ እሱ ባይሆን ጓደኛው ነው አለኝ። ሽማግሌ ሲመጣ የምመልሰውን እኔ አውቃለሁ፣ ዘመኑ ይለይለትና ያን ጊዜ ተመለሱ ነው የምላቸው ብሎ ቁጭ አለ። ንግግሩን እቤቱ መስተዋት ፊት ሲለማመድ ሚስቱ ሰምታዋለች። ማርቲ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ ሽሮ ልትነፋ ወንፊት ይዛ ስታለቅስ አገኘኋት። እንባዋ ሽሮው ውስጥ እየወደቀ ነበር፤ ጨው ሳልጨምርበት ሠራሁት።

በእነ ኦቦ ቀጄላ በኩልም ቀላል አልነበረም። ሰውየው እርሻው በዚያ ካርታ ውስጥ ገብቷል ተብሎ ወሩን ሙሉ እህል አልወረደለትም። ጎረቤቶቹ ደግሞ በዚህ ጊዜ ከየት ቤት ነው ሙሽራ የምታመጣው እያሉ ጠምደውታል። ያም ሆኖ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ላከ። እኔ ደግሞ የወንዶቹን ንግግር መቆጣጠር ባልችል ጠላዬን እቆጣጠራለሁ ብዬ ተነሳሁ። በሰበታ የእኔን ጠላ የሚያማ እንደሌለ ታውቂያለሽ።

እትዬ፣ ጌሾ ጠፋ።

በተፍኪ በኩል የሚመጣው መንገዱ ተዘግቶ ቀረ። ገበያው በአድማ ተዘጋ። ያለችውን የያዙ ሴቶች ደግሞ እንደ ወርቅ ደበቋት። ብቅሉን አድርሻለሁ፣ ገብሱን ቆልቻለሁ፣ ጋኑን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጥኛለሁ፤ ጌሾ የለም። ያለ ጌሾ ጠላ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። የገብስ ሾርባ ነው።

ጭንቀቴን ለታመነ አጫወትኩት። ታመነ ማለት ከጀርባችን ያለው ቤት፣ ከቢራ ፋብሪካ ጡረታ የወጣው ጎረቤታችን ነው። ሚስቱ የሞተችበት፤ አጥሩን አረግ ያለበሰው። እሱም ትንሽ አሰበና ቤቱ ገብቶ ጨው መያዣ የምታህል ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። የፈረንጅ ጌሾ ነው አለኝ። እነሱ ቢራ የሚያመርሩበት ተክል አለ፤ አበባውን ጨምቀው ጭማቂውን ብቻ በቆርቆሮ ያሽጉታል። ታመነ ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ አገር ባለሙያ ለማስታወሻ ሰጥቶት፣ እሱም ከቡፌው ላይ ከሰርግ ፎቶው አጠገብ አስቀምጦት ኖሯል። ወይዘሮ ማሪቱ፣ ለአንድ ጋን ከሻይ ማንኪያ አያሳልፉ አለኝና ወደ ቀብር ሄደ፤ የዕድሩ ሰው ሞቶ ነበር።

ቆርቆሮውን ከፈትኩት። እንደ ሬንጅ የወፈረ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ነገር ነው። የጥድ ሙጫም፣ የሎሚ ልጣጭም፣ የታጨደ ሣርም ይሸታል። በሻይ ማንኪያ አነሳሁና ጥንስሱ ውስጥ ከተትኩት። ማንኪያውን አለቅም አለ። በጣቴ አላቀቅኩት፤ ጣቴን አለቅም አለ። አማስዬ ቀመስኩት። ምንም። ውሃ ነው። አንድ እቅፍ ጌሾ የሚሠራውን ሥራ አንዲት ማንኪያ ትሠራዋለች ማለት ድሮም አልተዋጠልኝም ነበር፤ ስለዚህ ደገምኩት። ቀመስኩ፤ ምንም። ሰለስኩት። ከዚያ በኋላ በጭልፋ ነበር። ማርቲ፣ እማዬ ጋሽ ታመነ እኮ ብላ ጀመረች፤ ጋሽ ታመነ ቢራ እንጂ ጠላ ጠምቆ አያውቅም አልኳት።

ታመነ ከቀብር ሲመለስ በአጥሩ ላይ ተጠግቶ እንዴት ሆነ አለኝ። አልመረረም አልኩት። ቆርቆሮውን ያሳዩኝ አለ። አሳየሁት። ግማሹ የለም። እትዬ፣ ሰውየው ቆርቆሮውን ጨብጦ አንገቱን ደፋ። የሞተውን ሰው ያሰበ መስሎኝ ነፍስ ይማር አልኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወይዘሮ ማሪቱ፣ አፍልተውታል ወይ አለኝ። ጠላ ይብላላል እንጂ ማን ያፈላዋል አልኩት። ለካ ያ ነገር በደንብ ካልተንተከተከ መራራነቱን አይሰጥም። ፋብሪካ ውስጥ ሁሉም ነገር ስለሚፈላ ይህም የሚነገር አልመሰለኝም አለ ምስኪን። ስለዚህ ጥንስሱን ለሰርግ በሚከራየው ብረት ድስት ገልብጠን አፈላነው።

መጣልሽ። የተጨመረው ሁሉ ተደብቆ ኖሮ አንድ ላይ መጣ። አንዲት ጠብታ በምላሴ ጫፍ አድርጌ ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ። ማርቲ ቀመሰችና ግድግዳ ይዛ ቆመች። ታመነ እንኳ፣ በዚያ ሥራ ያረጀው ሰውዬ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ በአእምሮው አሰላና፣ ይህ አሁን ሰበታን በሙሉ ያጠጣል አለ።

እጄ ደግሞ እስከ ክርኔ አረንጓዴ ሆኗል። ሳሙና አይነካው፣ አመድ አይነካው። ታመነ አረቄ ነው የሚያስለቅቀው ብሎ ጠርሙስ አመጣና እጄን ይዞ በጨርቅ እያንጠባጠበ ጣት በጣት አጠበልኝ። ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ይህን የምነግርሽ ያ ነገር ምን ያህል የሚጣበቅ እንደሆነ እንድታውቂ ነው።

መፍትሔው ማቅጠን ብቻ ነበር። ለማቅጠን ሌላ ብቅል፣ ሌላ ጋን ያስፈልጋል። የፈላ ነገር ደግሞ በራሱ አይብላላም፣ የሚያስነሳው ይፈልጋል። በሰፈሩ የገና ድፍድፍ የተረፋት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አያንቱ።

አያንቱ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። የወንድሟ ልጅ በዚያ ሰሞን በጥይት ሞቶ ተቀብሯል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ለቅሶ ሄጃለሁ፣ አብሬያት አልቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን፣ እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። ኦሮሞዎቹ እኛን ያዩናል፣ እኛም እናያቸዋለን። በቋንቋዋ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እላታለሁ፤ ነጋ፣ ደህና ትለኛለች፤ ያ ነው። ድፍድፍ ልለምናት ስሄድ ሁለት ጊዜ ከበሯ ተመልሻለሁ። የሆነውን ነገርኳት። ሰድባ ትመልሰኛለች ብዬ ስጠብቅ እስቲ አቅምሽኝ አለች። በጣሳ ያመጣሁትን ሰጠኋት። ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ፣ አንድ ዓይኗ ተዘጋ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ቆይታ ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደባትና ደረቴ ላይ ተደፋች። ስትነሳ በነጠላዋ ፊቷን ጠርጋ ድፍድፉን አንስታ፣ ጋኗንም እስከ ብቅሏ ተሸክማ ከእኔ ቀድማ ወጣች።

እሷ ስትወጣ ያየ ሁሉ ተከተለ። የማን ጋን ነው፣ የኔንስ ላምጣ እየተባለ የሰፈሩ ጋን በሙሉ ግቢዬ ገባ። ኦሮሞውም አማራውም ጉራጌውም ብቅል ይዞ መጣ፤ ጌሾ አጥቶ ጠላ ያማረው ሰው እንዲህ ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር። ታመነ እጅጌውን ሰብስቦ የፋብሪካ አለቃ ሆነ። ከመጀመሪያው ጋን በማንቆርቆሪያ እየለካ በየጋኑ ያከፋፍላል፣ አያንቱ ከኋላው ድፍድፏን ትጨምራለች። ያቺን የመጀመሪያዋን ጋን እናትየው አልናት። ሁሉን አዳርሳ ታችዋ ላይ የተረፈውን ማንም ተሳስቶ እንዳይቀዳ ጥግ አስቀምጬ አፏን በቀይ ጨርቅ አሰርኩት።

እንዲህ ስንሆን ሁንዴ የሚባል የቀበሌ ሰው ከአንድ ታጣቂ ጋር ገባ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ እንደማይቻል ታውቃላችሁ ወይ፣ አጀንዳችሁ ምንድን ነው አለን። ሁላችንም የያዝነውን አስቀመጥን፤ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ታመነ አጀንዳችን ይሄ ነው ብሎ ከእናትየው ጨልፎ ሰጠው። ሁንዴ ጎንጨት አለ። ጣሳውን ለታጣቂው አቀበለው። ታጣቂው ቀመሰና ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ውሃ ለመነ። ሁንዴ ድምፁ ሲመለስለት ይህ ስብሰባ አይደለም፣ ቅጣት ነው ብሎ ወጣ። ወዲያው ደግሞ ተመልሶ የእናቱን ጋን አመጣ።

ማስተር ፕላኑ ቀረ ብሎ ሬዲዮ የተናገረውም ጋኖቹ በሚብላሉበት ሰሞን ነው። አንዳንዱ ተደሰተ፣ አንዳንዱ አላመነም፤ አያንቱ ሬዲዮውን አጥፉልኝ አለች። አጠፋነው።

እሑዱ ደረሰ። ኦቦ ቀጄላና ሁለት ሽማግሌዎች ከዓለም ገና ወዲህ መንገዱ በድንጋይ ስለተዘጋ በእግራቸው መጡ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። እንደ ወጉ እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም፣ አንቀምስም ብለው ቆሙ። ኦቦ ቀጄላ በአማርኛ ጀምሮ መሐል ላይ አማርኛው ሲያጥርበት በኦሮምኛ ጨረሰ፤ ጊዜው ክፉ ነው፣ ልጆቹ ግን ክፉ አይደሉም፣ ልጃችሁን ስጡን አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው እሰማለሁ፣ ማርቲ ክንዴን ጨብጣ ጥፍሯ ገብቷል።

ዳኜ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። ንግግሩ ረጅም ሊሆን መሆኑን ከአቋቋሙ አወቅኩ። ከመጀመሩ በፊት ግን ወደ ጓዳው ዞሮ እስቲ ጉሮሮዬን ላርጥብ፣ ጠላ አቀብሉኝ አለ። በትልቁ ብርጭቆ ቀድቼ ሰጠሁት። ዳኜ ጠላ ሲጠጣ እንደሚያንደቀድቅ ታውቂያለሽ። አንደቀደቀው።

እትዬ፣ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ተወጠረ። እንባው በሁለቱም ጉንጩ መውረድ ጀመረ። ንግግሩ እንዳለ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ሳሉን ሊያፍን ሲታገል ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቃል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ቀጄላ ይህን ሰው ባለ መስታወቱ፣ ቁጡው ሲሉት ሰምቶ ለስድብ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። አሁን ፊቱ ቆሞ እያለቀሰ ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ አየው። ዱላውን ጥሎ ሄዶ አቀፈው። ለወንድምህ ልጅ እንዲህ የምትሳሳ ከሆነ እኔም እንደ ልጄ ነው የማያት ብሎ እሱም አለቀሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እልል በሉ እንጂ አለ። አያንቱ ከውጭ እልል አለች፤ ከሐዘኗ በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሰፈሩም ተቀበላት።

ዳኜ ድምፁ ሲመለስለት ተመርቆ፣ ሦስት ጊዜ ተስሞ፣ አማት ተብሎ ነበር። ወንድ ልጅ ከዚህ በኋላ ምን ይላል? ይባርካቸው አለ። ለእውነቱ ስናገር ከልቡ ነበር። ኦቦ ቀጄላ ጀርባውን ሲመታው የመስታወቱን ነገር አንስቶ በጣም አዝኛለሁ አለው፤ ዳኜም የልጁን እስር አንስቶ አዝኛለሁ አለ። ሁለቱም ይህን የሚላቸው ሰው እንዳላገኙ ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ ተቀምጠው ከቀጠነው ጠላ ቀረበላቸው። ቀጥኖም ያው መራራ ነው። ኦቦ ቀጄላ ቀስ ብሎ ጠጥቶ፣ ጠላሽ እንደ ዘንድሮው ነው፣ ይመራል ግን ይጠጣል አለኝና ድገሚኝ አለ። ማሰሮውን ጨርሰው በጋሪ እስከ ዓለም ገና ሸኘናቸው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ጌሾው ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ዳኜ ያን ቀን ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ፣ ለእኔ የቀዳሽልኝ ከየትኛው ጋን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጋን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰው በበዛበት ቤት ማን ይለየዋል አልኩት። ሲያየኝ ቆየና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ማርቲም በኋላ ያንኑ ጠየቀችኝ። ቀዩን ጨርቅ እያጠብኩ ስለነበር ሂጂ ብርጭቆ አለቅልቂ አልኳት። አንቺም እንደ እነሱ እንዳትጠይቂኝ አደራ።

ዳኜ አሁን በሱቁ የሚያወራው፣ ያን ቀን የወንድሙ ነገር ትዝ ብሎት እንባ እንደቀደመውና እርቅ እንዳወረደ ነው። መስታወቱን አስገብቷል። ኦዳ ራሱ ሄዶ ሲያስገጥም ውሎ አገዘው፤ ምሳ አብረው በሉ ብላ ሚስቱ ነገረችኝ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽሽም። መንገዱ ዛሬም አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል። አያንቱ የወንድሟን ልጅ ስም ስትጠራ ዛሬም ድምፅዋ ይቆረጣል። ግን በሯ ክፍት ነው፣ የእኔም።

ለሰርጉ ያላንቺ አይሆንም። ቀደም ብለሽ ነይ፤ ክፍሉ ተለቅልቋል፣ አልጋው ተጠግኗል። ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታም ተደፍኗል። የጀርባው አጥር መሐል በር ተከፍቶለታል፣ እንዳትደነግጪ፤ እንስራ ይዞ ዙሪያውን ከመዞር ይቀላል ተብሎ ነው። ማሪቱ አንቺ ራስሽን አትጎጂ እየተባልኩ እንስራ መሸከምም ከተከለከልኩ ሰንብቻለሁ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እሳትሽ አይጥፋ፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። በጾሙ በጸሎትሽ አስቢኝ፤ የአያንቱንም የወንድም ልጅ፣ ያቺንም መንገድ።

ማርቲ ጉልበትሽን ስማለች። ኦዳ እጅ ነስቷል። ታመነም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ እትዬን ሰላም በይልኝ ነው ያለኝ። እንዲህ ብለህ ጥራት ብዬ እኔ አልነገርኩትም።

ታናሽ እህትሽ